ያልተፋቀው መስመር

ወላይታ፣ ዱቦ ላይ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ደጃፉ ላይ ቆመን ስንጨዋወት አንድ ካቴኪስት ወዳጄ ነገር ይፈልገኛል። ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህር መሆኔን ያውቃል። «መምህር፣ የእናንተ መጽሐፍ እኮ በየጊዜው ይታረማል፤ የእኛ ግን ያው ነው። ታዲያ ልጆቹ የትኛውን ይመኑ?» ይለኛል። አጠያየቁ የቀልድ ነው፤ ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም። አንድ ነገር እንዲህ ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ ከታተመ፣ ተማሪም ከተፈተነበት በኋላ «የለም፣ እንዲያ አይደለም» ሲባል፣ መጀመሪያ የተጻፈው ምን ነበር? ውሸት? ወይስ በጊዜው እውነት ሆኖ ኋላ ያረጀ ነገር?

«ሳይንስ ራሱን ያርማል» የሚል የተዘጋጀ መልስ አለ። እኔን አይጥመኝም። ራሱን የሚያርም ነገር አይቼ አላውቅም። የሚያርመው ሰው ነው፤ የሚታረመውም ስሙ በወረቀቱ አናት ላይ ተጽፎ የሚቀር ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩ የላቦራቶሪ ብቻ አይደለም፤ ከንስሐ ጋር የሚዛመድ ጉዳይ አለበት። ለወዳጄ የምመልስለትም ከዚያ በኩል ነው። መንገዱ ግን በማውቀው በክሪስታል በኩል ያልፋል።

መዳብ ሰልፌት በሙቅ ውኃ እስኪጠግብ አሟሙታችሁ፣ ክር አንጠልጥላችሁበት፣ ሰው የማይነካው መስኮት ላይ ብትተዉት ከቀናት በኋላ ክሩ ላይ ሰማያዊ ድንጋይ በቅሎ ታገኛላችሁ። ጠርዙ የቀና፣ ገጹ ለስልሶ ዘመም ያለ ነው። ተማሪዎች ሁልጊዜ «ማን ቆረጠው?» ይላሉ። ማንም አልቆረጠውም። ትልቁን ከትንሹ፣ ያማረውን ከተንጋደደው ጋር ብታስተያዩ በተጓዳኝ ገጾቻቸው መካከል ያለው ማዕዘን አንድ ነው። ይህን ነገር በኳርትዝ ላይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1669 ያሳተመው ኒኮላስ ስቴኖ የተባለ ዴንማርካዊ የአካል ጥናት ሊቅ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስቴኖ ካቶሊክ ሆኖ፣ ኋላም ቀስሶ፣ ጳጳስ ለመሆን በቅቷል፤ በ1988ም ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላዋለች። ካቴኪስቱ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። የሚቀጥለውን ሲሰማ ግን እንደዚያ አይደሰትም።

አባ ሬኔ ዡስት አዊ ፈረንሳዊ ካህን ነበሩ፤ በ1743 ከድሃ ሸማኔ ቤት ተወለዱ። በእኛ አገር ሸማኔ በምን ዓይን ይታይ እንደነበር ለአንባቢ አላስረዳም። የሚነገርላቸው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ከወዳጃቸው ቤት የካልሳይት ክሪስታል ሲመለከቱ ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ። ስብርባሪውን ሲያነሱ የተሰነጠቀበት ገጽ እንደ ሌሎቹ ገጾች የለሰለሰ ነው። ቤታቸው ገብተው የራሳቸውን ክሪስታሎች በመዶሻ ሰባበሩ። የውጭ መልኩ ምንም ይሁን ምን ካልሳይት ሁልጊዜ ወደ አንድ ዓይነት ዘመም ያለ ጥርብ ይሰነጠቃል። ከዚህ ተነሥተው ክሪስታል ማለት እጅግ ጥቃቅን፣ አንድ ዓይነት ጥርቦች ተደርድረው የሠሩት ግንብ ነው አሉ። ዛሬ የክሪስታል ሳይንስ አባት የሚባሉት ለዚህ ነው። በ1792 የአብዮቱን መንግሥት መሐላ አልምልም ብለው ታሰሩ፤ እስር ቤት ድረስ ድንጋዮቻቸውን አስመጥተው ይመድቡ ነበር ይባላል። አብረዋቸው የታሰሩት ካህናት ከመታረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባቸው አስፈታቸው።

ለመሐላ አልበገር ያለው ልባቸው ለማስረጃም አልበገር አለ። «እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ አንድ መሠረታዊ ቅርጽ አለው» ብለው ደንግገው ነበር። ካልሳይትና አራጎናይት ግን በኬሚስቶች ሚዛን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት። ቅርጻቸው ለየቅል ነው። በ1813 ሽትሮማየር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት አራጎናይት ውስጥ ጥቂት ስትሮንቲየም አገኘ፤ «ልዩነቱን ያመጣው ይኸው ነው» ማለት ተቻለ። ከ1819 ጀምሮ ግን ሚቸርሊክ የተባለ ወጣት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች አንድ ቅርጽ ሊይዙ፣ አንዱም ንጥረ ነገር ሁለት ቅርጽ ሊኖረው እንደሚችል ያሳይ ገባ። አባ አዊ አልተቀበሉትም፤ በ1822 ሳይቀበሉት አረፉ። እኚህን ካህን እወዳቸዋለሁ፤ በዚህ ላይ ግን አልከራከርላቸውም። የሚያስፈራኝ ደግሞ እምቢታቸው አይደለም፣ ስትሮንቲየሙ ነው። ሰውን ይበልጥ የሚያስተው የሚቃወመው ማስረጃ ሳይሆን በጭንቁ ሰዓት ደርሶ የሚደግፈው ማስረጃ ነው። የጸለይንበት ነገር ሲመጣ መርምረን አንቀበልም፤ እልል ብለን ነው የምንቀበለው።

በ1912 ሙኒክ ላይ ማክስ ፎን ላውኤ ባመነጨው ሐሳብ ፍሪድሪክና ክኒፒንግ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ኤክስ ሬይ በክሪስታል ውስጥ አሳለፉ። መጀመሪያ የተጠቀሙበት ክሪስታል ያው መስኮት ላይ የምናበቅለው ሰማያዊ መዳብ ሰልፌት ነበር። ከክሪስታሉ ጀርባ በተቀመጠው የፎቶ ሳህን ላይ ነጠብጣቦች ወጡ። ቀጥሎ ዚንክ ሰልፋይድ አነሡ፤ አሁን ነጠብጣቦቹ ተሰልፈው፣ ግራና ቀኛቸው ተመዛዝኖ ታዩ። ላውኤ እንዲህ ሲል አነበባቸው፦ አቶሞቹ በኩብ ማዕዘኖች ላይ ተቀምጠዋል፤ ጨረሩም ጥቂት የተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች አሉት። ንባቡ ብዙውን አስረዳ፤ ሁሉን ግን አላስረዳም። በስሌቱ መሠረት መታየት የነበረባቸው አንዳንድ ነጠብጣቦች ሳህኑ ላይ የሉም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ካምብሪጅ ላይ ሎረንስ ብራግ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ያንኑ የጀርመኖቹን ፎቶ ይዞ ሌላ ንባብ አቀረበ። ጨረሩ በአቶም ንጣፎች ላይ እንደሚነጥር አድርገን እናስበው፤ የሞገዱ ርዝመትም የተወሰነ ሳይሆን ተከታታይ ነው እንበል፤ አቶሞቹም በኩቡ ማዕዘኖች ላይ ብቻ ሳይሆን በገጾቹ መካከልም ላይ አሉ እንበል። እንዲህ ሲባል እያንዳንዱ ነጠብጣብ ስፍራውን አገኘ፤ የጎደለውም ለምን እንደጎደለ ታወቀ። በዓለም ላይ በኤክስ ሬይ የተነበበው የመጀመሪያው የክሪስታል መዋቅር ዓመት ሳይሞላው ታረመ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጁ አዲስ ፎቶ አላነሣም። የተጠቀመው ላውኤና ጓደኞቹ ራሳቸው ያተሙትን ነው። እነሱ ፎቶውን ደብቀው መደምደሚያቸውን ብቻ ቢያሳትሙ ኖሮ ብራግ ምን ይዞ ይከራከር ነበር? ላውኤ በ1914፣ ብራግ ከአባቱ ጋር በ1915 የኖቤል ሽልማት አገኙ። የመጀመሪያው በሁለተኛው አልተዋረደም፤ ሁለተኛውም ያለ መጀመሪያው የሚቆምበት መሬት አልነበረውም። እኔ ለወዳጄ የምለው ነገር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው። የታየው አንድ ነው፣ ስለ ታየው የተነበበው ሌላ ነው። የሚታረመው ንባቡ ነው። ፎቶው ግን ያው ፎቶ ነው።

ብራግ በዓመቱ የገበታ ጨውን መዋቅር ሲያወጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅሬታ ተነሣ። በጨው ውስጥ «የጨው ሞለኪውል» የሚባል ነገር የለም፤ ሶዲየምና ክሎሪን እንደ ዳማ ገበታ እየተፈራረቁ በስድስት አቅጣጫ ተሰልፈዋል እንጂ አንዱ የአንዱ ብቻ አይደለም። ሄንሪ አርምስትሮንግ የተባሉ አንጋፋ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1927 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ይህን የገበታ ሥዕል በብርቱ ተሳለቁበት። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊደፍን ነበር። መሳለቃቸውን አልነቅፍም፤ ሽማግሌ ያልተሳለቀበት አዲስ ነገር ብዙም አይታመንም። የምነቅፈው ፎቶው ላይ ሳይሆን ጥርሳቸውን ነክሰው የወጣቶቹ ድፍረት ላይ መቆማቸውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዛሬ የክሪስታል መዋቅር የሚወጣው በኮምፒውተር ነው። ተመራማሪው ከ230 የሲሜትሪ ዓይነቶች አንዱን መምረጥ አለበት። እዚያ ላይ ይሳሳታል። ክሪስታሉ ውስጥ ሁለት ክፍሎች እንደ ቀኝና ግራ እጅ ተጓዳኝ ሆነው ሳለ ተጓዳኝነታቸው ካመለጠው፣ ስሌቱ ሁለቱን እንደማይተዋወቁ ለየብቻ ያስላቸዋል። ያን ጊዜ ስሌቱ ይወላውላል። አንዱ የካርቦን ትስስር ተፈጥሮ ከምትፈቅደው በላይ ይረዝማል፣ አቻው ያጥራል። ችኩል ሰው ይህን ሲያይ «እንግዳ ትስስር አገኘሁ» ብሎ ይጽፋል። ዓይን ያለው ግን ሲሜትሪ እንደተዘለለ ይጠረጥራል።

ካሊፎርኒያ፣ ካልቴክ ውስጥ ሪቻርድ ማርሽ የተባሉ ሰው ነበሩ፤ በ2017 ዐረፉ። የዕድሜያቸውን ብዙ ክፍል የሌሎችን የታተመ መዋቅር በማንበብ አሳለፉ። መጽሔት ይገልጣሉ፣ የአቶሞቹን አቀማመጥ ቁጥር ያያሉ፣ ያሰላሉ፤ ከዚያ «ይህ መዋቅር ከተጻፈለት የበለጠ ሲሜትሪ አለው» ብለው በስም ጠቅሰው ያሳትማሉ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግመው፤ በጥቂት መዋቅር ላይም አይደለም። ኬሚስቶች ስማቸውን ግስ አድርገውት «እንዳትማረሽ ተጠንቀቅ» ይባባሉ ጀመር። ብዙውን ጊዜ እርማቱ የሚለውጠው ጥቂት ነው፤ ቁጥሩ ይቃናል፣ እንግዳ የመሰለው ትስስር ተራ ይሆናል። አንዳንዴ ግን አንድ ሰው የተኩራራበት ግኝት ጤዛ ሆኖ ይቀራል።

ማርሽን እንዲህ ለማድረግ ያስቻላቸው ምንድን ነው? ተሳሳቱ የተባሉት ሰዎች ሐቀኝነት ነው። ቁጥራቸውን አውጥተው አትመዋል። የሚያጋልጣቸውን ወረቀት በገዛ እጃቸው ለአንባቢ ሰጥተዋል። ይህን የማያደርግ ተመራማሪ ማንም አያርመውም፤ ያለመታረሙ ግን ትክክል አያደርገውም። በ2010 ግድም አክታ ክሪስታሎግራፊካ በተባለው መጽሔት ቢያንስ 70 መዋቅሮች እንዲሰረዙ የተደረገበት ጉዳይ ተሰምቷል። ጸሐፊዎቹ ከእውነተኛ ልኬት ላይ አንዱን አቶም በሌላ እየተኩ ያልተሠራ ንጥረ ነገር «ሠራን» ብለው ጽፈው ነበር። ያ እርማት አይባልም፤ ያ ፍርድ ነው። የጠፋን ሲሜትሪ የሳተና ያልለካውን ለካሁ ያለ በአንድ ስም ሲጠሩ ስሰማ ይከፋኛል። አንዱ ተሳስቷል፣ ሌላው ዋሽቷል። የመናዘዣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ካህን ይህን ልዩነት ከእኛ ከሳይንስ ሰዎች ይልቅ ያውቃል።

እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ላይ በ1965 የተመሠረተ የክሪስታል መዋቅሮች መዝገብ አለ፤ በ2019 አንድ ሚሊዮን መዋቅር ሞልቶታል። እያንዳንዱ መዋቅር በስድስት ፊደላት ስም ይመዘገባል። በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ንጥረ ነገር እንደገና ለክቶ የተሻለ ሲያወጣ አሮጌው አይፋቅም። አዲሱ የዚያኑ ስድስት ፊደላት ስም ይዞ ሁለት አኃዝ ተጨምሮለት ከጎኑ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሰው የተሳሳተውም፣ ሁለተኛው ያቃናውም አንድ ገበታ ላይ ይታያሉ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የቁምስናችን የጥምቀት መዝገብ ነው፤ አንዳንዴ ጸሐፊውን አግዛለሁ። የቤተ ክርስቲያን ደንብ መዝገቡ እንዲፋቅ አይፈቅድም። የአንድ ሰው ሜሮን፣ ጋብቻ፣ ምንኩስና ሁሉ ከጥምቀቱ መስመር ጎን ኅዳጉ ላይ ይጻፋል። ስም ተሳስቶ ከተገኘም በቀጭን መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከቀንና ከፊርማ ጋር ይጻፋል፤ ከሥር ያለው ግን እንዲነበብ ሆኖ ነው። በምላጭ የተፋቀ ገጽ ካጋጠመ ያን ገጽ ማንም አያምነውም፤ ምንም ትክክል ቢሆን።

ወዳጄ «የኛ አልተለወጠም» ሲል ቅዱስ አውጉስጢኖስን አነሣበታለሁ። ሊያርፉ ሦስትና አራት ዓመት ሲቀራቸው፣ በ426 እና በ427፣ የጻፏቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ አውጥተው ገመገሙ። 93 ናቸው። «እዚህ ላይ እንዲህ ብያለሁ፤ አሁን እንዲያ አልለውም» እያሉ ሁለት መጽሐፍ ሞሉ። አሮጌዎቹን አላስቃጠሉም፤ ከሰው እጅም አልሰበሰቡም። ጠላቶቻቸው በገዛ ቃላቸው ሊከሷቸው እንደሚችሉ ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ጳጳስ ናቸው፤ ዝም ቢሉም ማን ይጠይቃቸው ነበር? እምነታቸው አልተለወጠም፤ ስለ እምነታቸው የጻፉት ግን ታረመ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ዝም ይላል፤ ከዚያ «እሱ እኮ ቅዱስ ነው» ይለኛል። ልክ ነው። እንዲያ ያለው ነገር ከተራ ሰው አይጠበቅም ማለቱ ከሆነ ግን አልስማማም።

በአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም የሚመስል ነገር አለ። ሊቃውንቱ ለአንድ ጥቅስ አንድ ፍቺ ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ይጨምራሉ፤ ቀዳሚው አይሻርም። ልብን የሚያሰፋ ትምህርት ነው። ክሪስታል ላይ ግን አይሠራም። ዚንክ ሰልፋይድ ውስጥ አቶሙ ከገጹ መካከል ወይ አለ ወይ የለም፤ «አንድም አለ፣ አንድም የለም» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ምሥጢር ለሆነው ነገር ብዙ ንባብ ክብር ነው፤ ለካልሳይት ግን ሽሽት ይሆናል። የትኛው ነገር ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ራሱ ብዙ ጠብ ያስነሣል፤ ብዙው ጠባችን ደግሞ በዚሁ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ድንጋይ ላይ ስለሆነ ማንንም አያምም። አሁን ወደ እግራችን ልምጣ፤ እዚህ ዱቦ፣ አረካ፣ ቦሎሶ፣ ሶዶ ድረስ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን በሽታ ላንሣ። ዝሆኔ። ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ የሚያብጥ፣ ቆዳን የሚያሻክር፣ በየጊዜው እየተነሣ የሚያተኩስ በሽታ። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በወላይታ ዞን 5.46 በመቶ ያህል ሰው ላይ አግኝቶታል፤ በአገር ደረጃ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ተገምቷል። ዝናብ ጥሎ ቀዩ አፈር ሲረጥብ፣ ባዶ እግሩን ከማሳ የሚመለስን ሰው እግር ያየ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት እንደ ካልሲ ተለጥፎ ቆዳው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መድረቁን ያስተውላል።

ስለዚህ በሽታ የተሰጠው ንባብ ሦስት አራት ጊዜ ታርሟል። የቀደሙት እርግማን ነው፣ ዘር ነው ይሉ ነበር። «እነዚያ ቤት አለ» ከተባለ ከዚያ ቤት አይጋቡም። ቀጥሎ የሕክምና መጻሕፍት ዝሆኔን ሁሉ በትንኝ ለሚተላለፍ ክር መሳይ ትል ሰጡት። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠሩ ይህ ንባብ አልዋጥላቸው አለ። የሕመምተኞቹ ደም ሲመረመር ትሉ የለም። በሽታው የሚበዛው ትሉን ለምታስተላልፈው ትንኝ በማይመች ደጋና ወይና ደጋ ነው። ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ያለበትን፣ ዝናብ የሚበዛበትን፣ ሰው ባዶ እግሩን የሚያርስበትን ቦታ ተከትሎ ይሄዳል። የሕመምተኞችን የብሽሽት ሊምፍ ዕጢ ሲመረምሩ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው የማዕድን ብናኞች አገኙ። አፈሩ በቆዳ ገብቶ ሰውነት ውስጥ ተቀምጧል። ስሙንም ከግሪክ አውጥተው ፖዶኮኒዮሲስ አሉት፤ በ1990 መጽሐፍ ጻፉበት። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ተራ አስገባው። ሶዶ ላይ ናታን ባርሎው የተባሉ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ሐኪም የጀመሩት የሞሲ ፉት ሥራም የእግር እጥበትና ጫማ ይዞ የተነሣው በዚሁ ንባብ ላይ ቆሞ ነው።

የትኛው ማዕድን ነው የሚጎዳው የሚለውም ገና እየተጠራ የሚሄድ ነገር ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ ከሚበዙበት አፈር ጋር አገናኝቶታል። ስቴኖ ማዕዘኑን የለካለት ኳርትዝ እግራችን ሥር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የሚከብደው የመጨረሻው እርማት ነው። የጤና አስተማሪዎች ለዓመታት መገለልን ለመስበር «በዘር አይደለም፣ አፈር ነው» ሲሉ ኖረዋል፤ ማለታቸውም ቅን ነበር። ፕራይስ ግን ገና በ1972 የዘር ነገር ሳይኖርበት አይቀርም ብለው ጽፈው ነበር። በ2007 የወላይታ ቤተሰቦችን የተከታተለ ጥናት ተጋላጭነቱ በብዛት ከቤተሰብ የሚወረስ መሆኑን አሳየ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ ከሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጋር በተያያዘ የዘረ መል ክፍል ላይ ልዩነት ማግኘታቸውን ኒው ኢንግላንድ በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። አንድ ማሳ የሚያርሱ ሁለት ወንድማማቾች ባዶ እግራቸውን ቢሄዱ አንዱ ሲያብጥ ሌላው የሚድንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ አያቶቻችን ልክ ነበሩ? ሲታይ የነበረውን አይተዋል፤ ከአንዳንድ ቤት ይበዛል። ይህ እውነተኛ ምልከታ ነው፤ ሰው ባደባባይ ያነሣው ፎቶ በሉት። ንባቡ ግን «ከእነሱ አትጋቡ» ነበር፤ እሱ ነው የተሳሳተውና የጨከነው። ተጋላጭ የሆነ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን በየቀኑ ከታጠበ አይታመምም፤ ዘሩ ብቻውን ማንንም አያሳብጥም። ስለዚህ ያንኑ ምልከታ ይዘን ስናነበው «ከእነዚያ ቤት አትጋቡ» ሳይሆን «ለእነዚያ ቤት ልጆች መጀመሪያ ጫማ ግዙ» ሆኖ ይወጣል። ምልከታውንም ከንባቡ ጋር አብሮ መጣል ቀላል ነበር፤ ለመልካም ዓላማም ቢሆን ስህተት ነበር። ምክንያቱም ሰው ዓይኑ ያየውን «የለም» ሲሉት ቀጥሎ የሚነግሩትን አይሰማም።

አንድ ነገር ግን ከእነዚህ እርማቶች አንዱም አይመልሰውም። «ደሟ ነው» ተብላ ሳትዳር የቀረች ሴት አለች፤ ከዕድር፣ ከማኅበር የተገፋ ሰው አለ። የክሪስታል መዋቅር ሲታረም ካልሳይት አይቀየምም። እነዚህ ግን ሰዎች ናቸው። ንስሐ ሲገቡ መናገር ብቻ እንደማይበቃ፣ ካሳ እንዳለበት ልጆች በትምህርተ ክርስቶስ ይማራሉ፤ የእርማትም ካሳ አለው ብዬ አምናለሁ። ስህተቱ በተጓዘበት መንገድ ሁሉ እርማቱ መጓዝ አለበት። ወሬው በገበያ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሽምግልና ከተነገረ፣ እርማቱ ኒው ኢንግላንድ መጽሔት ላይ ብቻ ተቀምጦ ዕዳው ተከፈለ አይባልም። ማርሽ ያረሟቸው መዋቅሮችም ቢሆኑ እርማቱን ባላነበበ ሰው ሥራ ውስጥ ሳይታረሙ ሊጠቀሱ ይችላሉ። ካህኑ በስብከት፣ መምህሩ በክፍል፣ ሽማግሌው በሰርግ ላይ ካልተናገሩት ያልታረመ ነው።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም የትኛውም ክሊኒክ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ከመደምደሚያችሁ ጋር የለካችሁትን ቁጥር ሁሉ አስቀምጡ፤ የማይስማማችሁንም ጭምር። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊያርማችሁ የሚችለው በእሱ ነው፤ አትፍሩት። አሮጌ መዝገብ ስታገኙም ሳታነቡ አታቃጥሉ። ሌሎቻችን ደግሞ፣ በቤታችን ወይም በጎረቤታችን እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ካለ የሚቀጥለውን ጥናት አንጠብቅ። እግሩን ዛሬ በንጹሕ ውኃና በሳሙና እንጠበው፣ በደንብ እናድርቀው፣ ቅባት እንቀባው፣ ካልሲና ጫማ እናድርግለት፣ ወደ ጤና ጣቢያም እንውሰደው። ልጁን መዳር ሲፈልግም እሺ እንበለው።